አውሮፕላናችን እንዴት ከሰረ

አውሮፕላን ሲከስር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሲከሰከስ አላልኩም፤ እሱንስ እግዜር አያሳያችሁ። ሲከስር ነው ያልኩት። እኔ አይቻለሁ። ሱቅ ሲከስር በሩ ይዘጋል። ጠጅ ቤት ሲከስር ዝንቡ ሳይቀር ይሸሻል። አውሮፕላን ግን ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ከበሮ እየተመታለት፣ እየተዘፈነለት ነው የሚከስረው። ቢያንስ የእኛው እንደዚያ ነው የከሰረው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ነቀምቴ ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ደመና አስተምራለሁ፤ ደመናን ግን ከሥሩ እንጂ ከላዩ አይቼው አላውቅም። የተከራየሁት ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ኦቦ ተርፋሳ ግቢ ነው። ዕድሜው ከእኔ እምብዛም አይበልጥም። «ኦቦ» የምለው አከራዬ ስለሆነ ነው። አከራይን ያላከበረ ምን ያከብራል?

ኦቦ ተርፋሳ የአውሮፕላኑ ሰው ነበር። ሌላ አገር ቢሆን ኃላፊው አንድ ሰው፣ ትኬት ሻጩ ሌላ፣ መዛኙ ሌላ፣ ዘበኛው ሌላ ይሆናል። ነቀምቴ ላይ ሁሉም ተርፋሳ ነው። በአዘቦት ቀን ገበያው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ትኬት ይሸጣል። አውሮፕላኑ በሚመጣበት ቀን ሚዛኑን በጋሪ ጭኖ ሜዳው ድረስ ይወስዳል። ሰውንም ዕቃንም ይመዝናል። ከዚያ ከብት ያባርራል፤ ማረፊያው ሣር ነዋ! ከዚያ ባንዲራ ያውለበልባል። አውሮፕላኑ ሲነሣም እስኪጠፋ ድረስ አንጋጦ ያየዋል። ሚስቱ «እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም» ትል ነበር። ቀልዷን ብቻ አልነበረም።

አውሮፕላኑ ሽማግሌ ነው። ጭራው መሬት ላይ ተዘፍዝፎ አፍንጫው ሰማይ ያያል። ስለዚህ ከኋላ የገባ ሰው ወንበሩ ጋ እስኪደርስ ሽቅብ ይወጣል። ገና ሳይበሩ ማለክለክ ነው።

ታዲያ ማን ይሳፈርበት ነበር? ጓዶች። ጓድ መንገድ ሲሄድ ገንዘብ አይዝም፤ ወረቀት ይይዛል። ወረቀቱ «መሥሪያ ቤታችን ይከፍላል» ይላል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ «በጀት ሲለቀቅ» ይላል። በጀቱስ? እሱን እንጃ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰው በእርግጠኝነት ትኬት ይሸጥ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ መጣ። ቀጭን፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የሚጮህ አለቃ አያስፈራም፤ ጮሆ ይወጣለታል። ይኸኛው ግን ሻዩን ፉት እያለ ለተርፋሳ ቀስ ብሎ ነገረው። እዚህ ያለው ሥራ የነዳጁን እንኳ አልሸፈነም፤ ክረምቱ እስኪወጣ ካልተሻሻለ አውሮፕላኑ ነቀምቴ አያርፍም፤ በላያችሁ አልፎ ወደ ምዕራብ ይሄዳል አለው። «ከታች ሆናችሁ ታዩታላችሁ» አለው።

ያን ቀን ተርፋሳ እራት አልበላም። ለእንጀራው ፈርቶ መስሎኝ ላጽናናው ገባሁ። «አንተ ደግሞ፣ ሥራ የትም ይገኛል» አለኝ። ለካስ ሌላ ነገር ነው። እናቱ ታመው በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሲወስዳቸው፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ባኮ ሳይደርሱ ክንዱ ላይ አልፈዋል። «ይሄ አውሮፕላን ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ» አለና አቋረጠው።

በማግሥቱ ተርፋሳ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በሬዲዮ ተጨቃጨቀ። ወረቀት ለሚይዝ ሳይሆን ብር ለሚይዝ ሰው ዋጋ ይቀነስልኝ፣ ነጋዴውን ላምጣላችሁ አለ። እስቲ ሞክር አሉት። ወጥቶ ገበያው መሐል ቆመና «ኮቱ! ኮቱ!»፣ ኑ! ኑ! እያለ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ሰማይን እንደ ሽንኩርት መቸርቸር ጀመረ።

መጀመሪያ የሄደው ጋሽ ከድር ጋ ነው። ጋሽ ከድር ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ፣ ክርክር የሚወዱ ሰው ናቸው። እሳቸው እሺ ካሉ ገበያው እሺ አለ ማለት ነው።

«ተርፋሳ፣ አውቶቡስ ሲበላሽ ወርጄ እገፋለሁ» አሉት። «አውሮፕላን ሲበላሽ የት ወርጄ ልግፋ?»

ቁርስዎን እዚህ በልተው ምሳዎን መርካቶ ይበላሉ አላቸው።

«ብወድቅስ?»

«ቢወድቁ የትኬቱን ዋጋ እመልስልዎታለሁ።»

ጋሽ ከድር አሰቡበት። አሰቡበትና ለንግግሩ ከንግድ አንጻር ምንም እንከን አጡለት። ገዙ።

ሄደው ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆኑ። ወሬያቸው ሁሉ አየር ላይ ሆነ። ነቀምቴ ከላይ ስትታይ መሐረብ ነው የምታህለው፣ ግብር የምንከፍለው ግን የአንድ አገር ያህል ነው ይላሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሉት፤ ጊዜው ነዋ። ገበያው ተከተላቸው። ማሩም፣ ቅቤውም፣ ዶሮውም በሚዛን እያለፈ ተሳፈረ። አንድ የቡና ነጋዴ ባኮ ላይ ሲደርሱ ቤቱን ከላይ ለይቶ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ አሉ። አብራሪው እንባው እስኪፈስ ድረስ ሳቀ።

ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ አውሮፕላኑ ነዳጁን ቻለ። ተርፋሳ ማንጎራጎር ጀመረ። ሚስቱንም አልፎ አልፎ ያያት ጀመር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ግን የእኛ አገር ነገር ሲያምር ይታያል። ሲታይ ደግሞ የሚመራው ሰው ይመጣል።

የሚመራው ሰው ጓድ ጥላዬ ይባላል፤ የአውራጃው ካድሬ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሐሜት አላነሣውም። አንድ ነገር ብቻ አይችልም፦ ሳይመራ በራሱ የሚሄድ ነገር ማየት። ወንዝ በራሱ ሲፈስ ቢያይ የወንዝ ኮሚቴ ያቋቁማል። አውሮፕላኑ አተረፈ ሲሉት ተቆጣ። በማን መሪነት? ወዲያው «የአየር ትራንስፖርት አነቃቂ ኮሚቴ» ተቋቋመ። እኔ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩ። ተርፋሳ «ታዛቢ» ተባለ። ሰውየው በራሱ ሥራ ላይ ታዛቢ ተደረገ እላችኋለሁ!

ተሰበሰብን። እንደገና ተሰበሰብን። የኪነት ቡድኑ ለአውሮፕላኑ ዘፈን አወጣ። በመጨረሻም ኮሚቴው ድሉን ለዋናው መሥሪያ ቤት በአካል እንዲያበሥር ተወሰነ። ኪነቱም አብሮ ይሂድ ተባለ። በምን? በአውሮፕላን ነዋ! ክፍያውስ? ለአውሮፕላኑ ጉዳይ የሚሄድ ሰው ለአውሮፕላን ይከፍላል እንዴ አለ ጓድ ጥላዬ። ተርፋሳ ከኋላ ተነሥቶ፣ ወንበሮቹ እኮ ተሽጠዋል አለ። የሰፊውን ሕዝብ ንብረት ለሕዝቡ ወኪል መንፈግ ምን ዓይነት ዝንባሌ ነው ተባለ። «ዝንባሌ» የሚባለው ቃል ያን ጊዜ ሰው ያሳስር ነበር። ተርፋሳ ተቀመጠ።

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው ስንደርስ ነጋዴዎቹ በማለዳ ተመዝነው ወንበራቸውን ይዘዋል። ጋሽ ከድርም አሉ። ከሁሉም ፊት፣ በመስኮቱ በኩል፣ አዴ ሌንሴ የሚባሉ ከኑኑ ቁምባ ገጠር የመጡ ሴት ከባላቸው ጋር ተቀምጠዋል። ባልየው ኦቦ ሞቲ ሽንት ከከለከላቸው ሰንብቷል። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሐኪሙ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ይግቡ ብሏል። ልጆቻቸው በቃሬዛ አምጥተው፣ ላም ሸጠው ትኬት ገዝተው ነው ያሳፈሯቸው። ተርፋሳ ራሱ ነው ደግፎ ወንበር ላይ ያስቀመጣቸው።

ኮሚቴው ከበሮውን ይዞ ደረሰ። አብራሪው ጎረምሳ ነገር ነው። ደመናውን እያየ ተቻኩሏል። ሁላችሁንም አልችልም፣ ማን እንደሚሄድ ተነጋገሩና ንገሩኝ አለ። ጓድ ጥላዬ ሽቅብ ወጥቶ መተላለፊያው ላይ ቆመ። እኔም፣ ተማሪ ስላለብኝ ባልሄድም፣ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ተከተልኩ። በኃይል ማስወረድ ይችል ነበር። እሱ ግን ሥርዓት ይወዳል። ሕዝቡ ራሱ ይወስን አለ።

«ጓዶች! ለሕዝባዊ ተልእኮ ሲባል ወንበር መለቀቁን የምትደግፉ?»

እጅ ወጣ። የሁሉም! አንድም ሳይቀር፣ ገንዘባቸውን ከፍለው የተቀመጡ ሰዎች ራሳቸውን ለማስወረድ እጃቸውን ሰቀሉ። ጋሽ ከድር በኋላ ምን አሉኝ? «እኔ አላወጣሁም ልጄ፣ እሱ ነው የወጣው። ቀበሌ ውስጥ ‹የምትደግፉ› በተባለ ቁጥር ሲወጣ ኖሮ ለምዶበታል።» እውነታቸውን ነው። እጃቸውን ቀና ብለው ሲያዩት አይቻለሁ፤ የሌላ ሰው እጅ የመሰላቸው ይመስሉ ነበር። የእኔስ? የእኔም ወጥቷል። ተሳፋሪ ሳልሆን፣ የምለቀው ወንበር እንኳ ሳይኖረኝ!

ነጋዴዎቹ አንድ በአንድ ቁልቁል ወረዱ። ኪነቱ ገባ። አዴ ሌንሴና ባላቸው ግን ፍንክች አላሉም።

«እማማ፣ እርስዎ እጅ አላወጡም?» አለ ጓድ ጥላዬ።

ተርፋሳ ከበሩ ሆኖ በኦሮምኛ አስተረጎመላቸው። አዴ ሌንሴ አልተቆጡም። «ኢልማ ኮ፣» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አንዱ እጄ የባሌን ራስ ይዟል። አንዱ ትኬቱን ይዟል። የማወጣው ሦስተኛ እጅ የለኝም።»

ጓድ ጥላዬ የሕዝብ ወኪል መሆኑን፣ ጉዳዩ የሕዝብ መሆኑን አስረዳቸው። ያኔ ኦቦ ሞቲ ዐይናቸውን ገለጡ። የሞተ የመሰለን ሰው ሲናገር ሁላችንም ደነገጥን።

«ማሎ፣ ጓድ፣» አሉ፣ እባክህ ማለታቸው ነው፣ በተሰባበረ አማርኛ። «የሕዝብ ወኪል ከሆንክ እኔም ሕዝብ ነኝ። በል ወክለኝና ሽናልኝ። ከዚያ እወርዳለሁ።»

ከበሮ መቺው ሳቁን ሊውጥ ሲል ከበሮው ላይ ተደፋ። አብራሪው ወደ ፊት ሄዶ ሞተሩን አስነሣ። ጓድ ጥላዬ ባዶ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እኔ ዘልዬ ወረድኩ። ተርፋሳ ባንዲራውን አውለበለበ። የተነሣው አውሮፕላን ያው ነው፤ እሱ ግን ያን ቀን እስኪጠፋ ድረስ አላየውም። ጀርባውን ሰጥቶ፣ የነጋዴዎቹን ዶሮዎች ከሣሩ ላይ መሰብሰብ ጀመረ።

መንገዱ ላይ የሆነውን አዴ ሌንሴ በኋላ ገበያ ላይ ነገሩኝ። ጊቤ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ አውሮፕላኑን እንደ ወንፊት ነፋው። ጓድ ጥላዬ እንደ ሕፃን አስመለሰው። ራሱን ደግፈው የያዙለት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው እጅ ከየት መጣ አልኳቸው። «እናት የለውም ብለህ ነው?» አሉኝ። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው።

ኮሚቴው ዋናው መሥሪያ ቤት ከበሮውን እየመታ ገባ። ያ ቀጭኑ ተቆጣጣሪ ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ዛሬ ከመጣችሁት ውስጥ የከፈለ ማነው? የከፈሉት እኮ ሐኪም ቤት ነበሩ።

ነጋዴውም ከዚያ ወዲያ እምቢ አለ። ጋሽ ከድር ገንዘባቸውን ከተርፋሳ ሲቀበሉ፣ አውቶቡስ የሚያስወርደኝ ቢያንስ ሊያስገፋኝ ነው አሉ። አውሮፕላኑ ተመልሶ በወረቀት ሞላ። ክረምቱ ሲወጣ ጣቢያው ተዘጋ። ኦቦ ሞቲ ድነው፣ ወፍረው፣ በአውቶቡስ ተመለሱ፤ የሚመለሱበት በረራ አልነበረማ! ከዚያ ወዲያ አውሮፕላኑ በላያችን አልፎ ወደ ምዕራብ መሄድ ጀመረ። ድምፁ ሲሰማ ተርፋሳ ከግቢው ይወጣል። ከብቶቹ ሜዳው ላይ ይግጣሉ፤ የሚያባርራቸው የለም።

ኮሚቴውስ? ኮሚቴው አልተዘጋም! አውሮፕላን ይዘጋል እንጂ ኮሚቴ ይዘጋል እንዴ? በዓመቱ መጨረሻ አዳራሽ ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ጓድ ጥላዬ ሪፖርት አሰማ። ሌላ ጊዜ ሪፖርቱን የምጽፍለት እኔ ነኝ፤ ይህችን ዐረፍተ ነገር ግን ራሱ ነው የጨመራት። «በነቀምቴ ጣቢያ ይታይ የነበረው ኪሳራ፣ በኮሚቴው ያላሰለሰ ጥረት፣ ሙሉ በሙሉ ቆሟል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አጠገቤ ተርፋሳ ተቀምጧል። ዞር ብዬ ባየው፣ ከሁሉም አብልጦ የሚያጨበጭበው እሱ ነው፤ መዳፉ እስኪቀላ። ሰውየው አበደ ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኩትና ምን ነካህ አልኩት።

«ተወኝ እስቲ፣» አለኝ ማጨብጨቡን ሳያቆም፤ «ይህ ሰው እውነት ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።»