ከኋላ የሚመጣ ድምፅ

ለሰው ዕቃ መምረጥ ሱስ የሆነበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ጋሽ ሞላ እንዲያ ናቸው። በቤታቸው ያለው ሬዲዮ ብቻ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ግን ቤቱ ጭር እንዳይልብኝ ብለው፣ ፊልም ከኢንተርኔት የሚያመጣ ሪሲቨር ሊያስገዙኝ ማርቆስ ገበያ ወሰዱኝ።

«ይኼኛው የተዋናዩን የቅንድብ ፀጉር አንድ በአንድ ያስቆጥራል፤ ድምፁም ዙሪያሽን ይከብሻል» አሉኝ።

«ሽፍታ ነው እንዴ የሚከበኝ?»

ባለሱቁ ከፈተው። ከኋላዬ በር ሲጥ አለ፤ የወንድ ኮቴ ቀረበኝ። ባሌ የገባ መስሎኝ ዞርኩ። ግድግዳው ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል።

«እውነት አይመስልም?» አሉ ጋሽ ሞላ።

«ይመስላል» አልኩና ድምፁ ከፊት ብቻ የሚሰማውን መረጥኩ።

እሳቸው አኮረፉ። እኔ ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ ሁሉን እለምዳለሁ። ኮቴ ሰምቼ መዞሬን የምተውበትን ቀን ፈራሁ።