ሀጂ ሺሬ ሁለት መኪና ሲጠረጥሩ

በየከተማው አንድ ሰው አለ። መኪና የለውም፣ መንዳትም አይችልም፣ ግን ያለ እሱ መኪና የሚገዛ ሰው የለም። ባትጠሩትም ይመጣል። ደብቃችሁ ልትገዙ ብትሄዱ እንኳን እዚያው ቀድሟችሁ ቆሞ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ ጎማውን በእግሩ ሲመታ ታገኙታላችሁ። ሐዋሳም አለ፣ ሜጋም አለ። የኛ የነገሌው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ክቡር ሀጂ ሺሬ ይባላሉ፤ የነገሌ ቦረና፣ የፊልቱና የአካባቢው የጥርጣሬ ሊቀመንበር።

ስማቸውን ስጽፍ ራሱ እፈራለሁ። ይሄን ካገኙት ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ያዩና «ጥሩ ጽሑፍ ከሆነ ለምን ለሰው ሰጠኸው?» ይሉኛል።

የሀጂ ጥያቄ ሁሌም እቺው ናት። «ጥሩ ከሆነ ለምን ይሸጣል?» ዕድሜያቸውን ሙሉ ግመል ሲያሻሽጡ የኖሩ ደላላ ናቸው፤ ሻጭ ሁሉ የሆነ ነገር እንደሚደብቅ ያምናሉ። አንዴ ገበያ ውስጥ ጠጂቱ የምትባለው ቲማቲም ሻጭ ጋ ሄደው አንዷን ቲማቲም ወደ ፀሐይ አንስተው ሲያዩ ቆዩ ቆዩና «ጥሩ ከሆነ ለምን አልበላሽውም?» አሏት።

«ሀጂ፣ አንቱ የሚሸጧት ግመል ሁላ ታማ ነው እንዴ?» አለቻቸው።

ገበያው ሳቀ። ሀጂ ቲማቲሙን መለሱና «ያ ሌላ ነው» ብለው ሄዱ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የአክስቴን የመሱዳን ልጅ፣ ሉብናን፣ ሽማግሌ ልከው ሲጠይቁ ሀጂ ቁጭ ብለዋል። የሉብና አባት ጓደኛቸው ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ነገር ሁሉ ይገባሉ። ሽማግሌዎቹ ሚክዳድ የሚባለውን ልጅ አመሰገኑ፣ ሥራውን፣ ሰላቱን፣ ጠባዩን። ሀጂ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ «ይሄን ያህል ጥሩ ከሆነ እስካሁን ማን ተወው?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሻይ እንኳን አልጨረሱም። ደግነቱ ሚክዳድ ትዕግሥተኛ ነው፤ ሽማግሌዎቹን መልሶ ላከ፣ ሉብናን አገባና ዶሎ ኦዶ ወሰዳት። እሷም እዚያ ስደተኞቹ ጋ ከሚሠራ ድርጅት ሥራ ያዘች።

እንግዲህ የመኪናው ነገር የመጣው በሉብና ነው። የመጀመሪያ ልጇን እዚያ ዶሎ ወለደች፤ ልጁ ሳያለቅስ ተወለደ፣ ሳያለቅስም ቀረ። አሁን ደግሞ አርግዛለች፣ ወሯ እየገባ ነው። አክስቴ መሱዳ «ወላሂ ይሄኛውን እኔ ጋ ነው የምትወልደው» አለች። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሙቀት፣ ነፍሰ ጡር በአውቶብስ አይሆንም። ኮንትራት መኪና ስትጠይቅ «ነገ» ይሏታል፣ ነገ ሲሆን ስልክ አያነሱም። የጨርቅ ሱቋ ደህና ይሄዳል፤ መኪና መግዛትም ከድሮ ታስባለች። ቁርጥ አደረገች። ነጂው እኔ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርት ትቼ እሷ ሱቅ ነው የምሠራው። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ የሌለኝ ድፍረት ነው።

ከተማው ውስጥ ለሽያጭ የነበሩት ሁለት ናቸው። ሁለቱም እነዚያ ከቤት መኪና ከፍ ያሉ፣ ከላንድክሩዘር ያነሱ ዓይነት። አንዷ የአቶ አምሀ ናት። አቶ አምሀ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ ወደ ሐዋሳ ተዛውረዋል፤ መኪናቸው ብርማ፣ ያገለገለች፣ የቤንዚን። ሌላዋን ጁነይድ የሚባል ወጣት ነጋዴ ከአዲስ አበባ ያመጣት ነች። ነጭ፣ አዲስ፣ የወንበሩ ላስቲክ ያልተቀደደ፣ የኤሌክትሪክ።

አክስቴ ነጯን ወደደች። «ቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆሜ አላረጅም!» አለች። እኔም ነጯን ወደድኩ፤ ማርሽ የላትም፣ ድምፅ የላትም፣ እንደኔ ለሚፈራ ሰው የተሠራች ናት።

መኪኖቹ ግቢ የመጡ ቀን ሁለቱም ታጥበው፣ ጎማቸው በቅባት ተወልውሎ ያበሩ ነበር። ሀጂ በር ላይ ቆሙ። አልገቡም።

«ማነው ያጠባቸው?»

«እኔ ነኝ ሀጂ» አለ ጁነይድ ደስ ብሎት።

«ለምን?»

«እንዲያምሩ ነዋ።»

ሀጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ አንተ ጎረምሳ? አመነ!» ከዚያ አስረዱኝ። ገበያ የሚወጣ ግመል ማታውን ጨው ይልሳል፣ ጠዋት ውሃ ይጠግባል፤ ሆዱ ይነፋና የሰባ ይመስላል። የገዛው ሰውዬ ቤቱ ሲያደርሰው አጥንት ነው። «ይቺ መኪናም ጨው ልሳለች» አሉ። ጎንበስ ብለው ከግቢው አፈር በሁለት እጃቸው አፈሱና በነጯ መኪና ላይ በተኑት። ጁነይድ ሊያለቅስ ደረሰ። አቶ አምሀ ነገሩ ገብቷቸው «ለእኔዋም ይበትኑላት ሀጂ» አሉ። እዚህ ብዙ ዓመት ኖረዋል።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። በጎማው ጥርሶች መሀል ጣታቸውን ከተው ዕድሜ ቆጠሩ። ኋላዋን በሁለት እጅ ተጭነው ለቀቁ፤ ተንበርክካ ስትነሳ ካልተንገዳገደች ጉልበቷ ደህና ነው ማለት ነው። ከነጯ ፊት ቆመው ምልክቷ ላይ ዓይናቸውን አፈጠጡ።

«ይሄ የማን ምልክት ነው?»

«የካምፓኒው ነው» አለ ጁነይድ።

«ካምፓኒውን ማን ያውቀዋል? አባቱ ማነው?»

«ቻይና ነው እኮ ሀጂ።»

«ቻይናን አውቃለሁ፣ አስፋልት ሠርቷል። ይሄን ግን አላውቀውም። አስነሳት።»

«ተነስታለች።»

«የታል?»

«ተነስታለች እኮ፣ ወላሂ!»

ሀጂ ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ለጠፉ። ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ልክ አልነበረም። «ዝም ያለ ነገር አልወድም» አሉ። «ግመል ስታስነሳት ካልጮኸች ታማለች። ፍየል እግሯን ስትይዛት ካልጮኸች ታማለች።»

«ዘመኑ ነው ሀጂ» አለ ጁነይድ።

«ዘመኑ ዝም ካለ፣ ዘመኑም ታሟል።»

እኔና ጁነይድ ሳቅን። አክስቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤት ገባች። ስለ መኪናው የተናደደች መስሎኝ ነበር።

የአቶ አምሀ መኪና ደግሞ ስትነሳ መጀመሪያ ሳል ያዛት፣ ቀጥላ ጮኸች፣ አንድ ሁለት ዶሮ ከግቢው አባረረች። በዚች እንኳን ይደሰታሉ ብዬ ነበር። «ይቺ ደግሞ ምን ልትደብቅ ነው እንዲህ የምትጮኸው?» አሉ።

ከተማ ውስጥ ነድተናት ስንመለስና ስትቆም ከሥሯ ውሃ ተንጠባጠበ። «ሸናች!» አሉ ሀጂ። አቶ አምሀ «የኤሲው ውሃ ነው» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ሀጂ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት። «እውነትም ውሃ ነው» አሉ። «ግን መኪና ውስጥ ውሃ ምን ይሠራል?» ከዚያ ነጯ ሥር ሄደው አዩ። ደረቅ። «ይቺ ጭራሽ አትሸናም? የባሰ አታምጣ!»

ይሄ ሁሉ ደህና ነው። ያሳፈረኝ የሚቀጥለው ነው። ጫማቸውን አወለቁ፣ የነጯን የኋላ በር ከፈቱ፣ ወንበሩ ላይ በጎናቸው ተጋደሙ፣ ጉልበታቸውን አጠፉ፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ንዳ» አሉኝ።

«ወዴት?»

«መንገድ ወደሌለበት።»

በከብት ገበያው በኩል፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ ነዳሁ። ሰው በመስኮት እያየ ተከተለን። «ሀጂ ሞቱ እንዴ?» አለ አንዱ። ሌላው «ሚቲ! አልሞቱም፣ መኪና እየገዙ ነው» አለው። በግራ ጎን ተኙ፣ ዞሩና በቀኝ ጎን ተኙ። ከዚያ በአቶ አምሀ መኪናም እንደዚያው። እኔ መሪው ሥር መግባት አምሮኝ ነበር።

ምርመራው ቀን በቀን ቀጠለ። ዛሬ በር ከፍተው ይዘጋሉ፣ ነገ ወንበር ያሸታሉ። ሉብና ስልክ ስትደውል ድምፅዋ እየደከመ ሄደ፣ እግሯ አብጧል። በመጨረሻ አክስቴ ፈነዳች።

«ሀጂ! ልጄ እዚያ ልትወልድ ነው፣ አንቱ እዚህ ጎማ ያሸታሉ! ነጯን እገዛለሁ፣ በቃ!»

ሀጂ አልተቆጡም። «አንድ ነገር ቀርቷል» አሉና ወደ ጁነይድ ዞሩ። «ከዚህ እስከ ዶሎ ይቺ ግመል የት ነው የምትጠጣው?»

«ፊልቱ መብራት አለ ሀጂ።»

«ሁልጊዜ?»

ጁነይድ መሬት መሬት አየ።

«አየህ፣ አንተም ዝም አልክ» አሉት። ጁነይድ ክፉ ልጅ አይደለም፤ «ለከተማ ነው እንጂ ለዚያ መንገድ አልመክራችሁም» ብሎ ራሱ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ብርማዋ ቀረች። አክስቴ ተነስታ ልትጨርስ ስትል ሀጂ እጃቸውን ዘረጉ። ግመል ሲገዛ፣ አሉ፣ ገዢው ቤት አድራ ስታመሰኳ ሳትታይ አትገዛም። ይቺም ዶሎ ደርሳ ትምጣ፣ ከዚያ እናወራለን።

«ዶሎ?» አሉ አቶ አምሀ። «ሀጂ፣ ይሄ ሙከራ ነው ወይስ ጉዞ?»

«መኪናዋ ጥሩ ከሆነች ምን ያስፈራዎታል?»

አቶ አምሀ ሳቁና ቁልፉን ለእኔ ወረወሩልኝ። ልይዘው ስል አመለጠኝ።

ገና ጎህ ሲቀድ ወጣን። እኔ መሪ ላይ፣ ሀጂ ከጎኔ፣ አክስቴ ከኋላ። መሪውን በሁለት እጄ አንቄ ያዝኩት። ሀጂ መንገዱን ሙሉ ሲጠረጥሩ ሄዱ። ኬላ ላይ ፖሊሱ መታወቂያ ከመጠየቁ በፊት የእሱን ጠየቁት። ፊልቱ ላይ ሻይ አሸተቱ። አንድ የግመል መንጋ አስፋልቱን ሲያቋርጥ «ያቺ ሦስተኛዋ ታነክሳለች፣ ሊሸጣት ነው የሚወስዳት» አሉ። ስለ ግመሏ ሳስብ ፍርሃቴን ረሳሁት። አሁን ሳስበው፣ ሆን ብለው ይሆናል።

ዶሎ ስንደርስ ሉብና ግድግዳ ተደግፋ ወጣች። ሚክዳድ ሻንጣዋን ይዟል። አክስቴ እያቀፈቻት ታለቅሳለች፤ ሀጂ የኋላውን በር ከፍተው ቆመዋል።

«በግራ ጎንሽ ተኚ» አሏት። «በቀኝ ከተኛሽ የቀበቶው ብረት ይወጋሻል፣ እኔ አውቀዋለሁ። ጉልበትሽን እጠፊ። አዎ እንደሱ። ነጯ ላይ ቢሆን ለእግርሽ ቦታ አይበቃም ነበር።»

ሉብና ጭንቅላቷን አክስቴ ጭን ላይ አድርጋ፣ በሀጂ ቦታ፣ በሀጂ አተኛኘት ተኛች፤ ሚክዳድ በማግስቱ በአውቶብስ ሊከተለን ቀረ። እኔ በመስታወቱ አየኋት። በከብት ገበያው ውስጥ ያፈርኩት ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ፤ ሌላ ዓይነት ሆኖ።

ነገሌ ከገባን በሳምንቱ ምጥ ያዛት። ሆስፒታል ኮሪደሩ ላይ እኔና ሚክዳድ ቁጭ ብለናል። ሀጂ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ከውስጥ የሉብና ድምፅ፣ የአዋላጇ ድምፅ፣ የአክስቴ ዱዓ ይሰማል። ከዚያ ሁሉም ቆመ።

ዝም።

«ዝም አለ» አሉ ሀጂ። ለማንም አልነበረም የሚናገሩት። ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ፤ እንደዚያ ቀን፣ ነጯ መኪና ላይ እንደለጠፉት። ያኔ ገባኝ። ባለፈው ጊዜ ከአክስቴ ጋር ዶሎ ሄደው፣ እንደዚሁ በር ላይ ቆመው የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሀጂ «ዝም ያለ ነገር አልወድም» ያሉ ቀን አክስቴ ለምን ወደ ቤት እንደገባችም ገባኝ።

ከዚያ ጮኸ። ምን ዓይነት ጩኸት መሰላችሁ፤ የአቶ አምሀ መኪና ጠዋት ስትነሳ፣ ልክ እንደዚያ፣ መጀመሪያ ሳል፣ ቀጥሎ ጩኸት። ሚክዳድ ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። ሀጂ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ሀጂ፣ ይሄንንስ አይጠረጥሩም?» አልኳቸው።

«ምኑን?» አሉኝ ዓይናቸውን በኮፍያቸው እየጠረጉ። «አትሰማም እንዴ?»

መኪናዋ ተገዝታለች። አቶ አምሀ ሐዋሳ ገብተዋል። ልጁ ቤት በገባ ቀን ሀጂ ሊጠይቁ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩትና ፊታቸው ተለወጠ። «ለምን ዝም አለ?» አሉ። «ተኝቶ ነው ሀጂ» አለቻቸው ሉብና። አላመኑም። በአንድ ጣት የእግሩን ሥር ኮረኮሩት፣ ልጁ ቤቱን በጩኸት ሞላው፣ ሴቶቹ ሁሉ ተነሱባቸው። እየተሰደቡ፣ እየሳቁ ወጡ።

አሁን በየጠዋቱ ዱላቸውን እያንኳኩ ይመጣሉ። መጀመሪያ መኪናዋን ያስነሱኝና ይሰማሉ። ቀጥለው በልጁ መስኮት ሥር ይቆማሉ። ሁለቱም ከጮኹ በኋላ ነው ሻይ የሚጠጡት። አንዳንድ ቀን ታዲያ ይዘገያሉ። ያን ጊዜ እኔ ራሴ የግቢውን በር ከፍቼ መንገዱን አያለሁ፤ የዱላቸው ድምፅ እስኪሰማ ድረስ አልገባም። ለምን ዝም አሉ እላለሁ፣ ለምን ዝም አሉ።