የዓመቱ ደካማ ሠራተኛ በዕጣ

ሽንኩርት ሚዛን ላይ ሲወጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰው ግን ሚዛን ላይ ሲወጣ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። ሆድ መሳብ ኪሎ እንደማይቀንስ የሚያውቀውም ሳይቀር ይስባል። እንግዲህ ሚዛኑ ምን ያድርግ?

እኔ የተመዘንኩት ገና በወጣትነቴ ነው። ላምበረት ላይ ከሰሜን የሚመጡ መኪናዎች ጭነታቸውን ሲያራግፉ ዕቃ ተሸካሚ ነበርኩ። የተሸካሚዎቹ አለቃ ኩንታሉን ትከሻህ ላይ ያሳርፍና ጎንበስ ብሎ ጉልበትህን ያያል። ጉልበትህ ካልተንቀጠቀጠ ተቀጠርክ። ከተንቀጠቀጠ ቀጣዩ ይምጣ። ምዘናው አለቀ። ራእይህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቢጠይቀኝ ምሳ እለው ነበር። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ አልናገርም።

ኮተቤ ወዳለው የምርምር ቤተ መጻሕፍትም የገባሁት በትከሻዬ ነው። አንድ ቀን ከመኪና የወረደ የመጽሐፍ ካርቶን ተሸክሜ ወደ ኮተቤ ሄድኩ። የት ላስቀምጥ አልኩ። እዚያ ደርድር አሉኝ። ደረደርኩ። በማግስቱም የሚደረደር ነበር። እነሆ ፀጉሬ ሸበተ፣ አሁንም እደረድራለሁ። በመሐል የማታ ትምህርት አለ፣ ዲፕሎማ አለ፤ እሱ ይቅር።

በንባብ ክፍሉ የምንሠራው አራት ሆነን ነበር። አስካለ የመጻሕፍቱን መዝገብ ትይዛለች፤ የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ማን ተውሶት ሻይ እንዳፈሰሰበትም ታውቃለች። ታፈሰ ጠራዥ ነው፤ የተቀደደ መጽሐፍ ሲያመጡለት እንደ ሐኪም አገላብጦ ያያል፣ ከዚያ ያመጣውን ሰው ይገላምጣል። ጫላ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። የኮተቤ ልጅ ነው። አባቱ ገብስ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ እሱም እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ ይኖራል። የት ነው የምትኖረው ሲሉት «አባቴ ማሳ ላይ፤ ትንሽ ከፍ ብዬ» ይላል።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከበላይ አካል አንድ ቅጽ መጣ። «የሙያ ብቃትና የአመራር ክህሎት መመዘኛ» ይላል። ሠላሳ መስፈርት አለው። ራእይን የማጋራት ክህሎት፣ ግጭትን የመፍታት ክህሎት፣ ቡድንን የማነሣሣት ክህሎት። መጽሐፍ የምደረድር ሰው ማንን ነው የምመራው? መጻሕፍቱን ከሆነ እነሱ ቀድሞም ተሰልፈው ነው የሚቆሙት።

እርስ በርሳችሁ ተመዛዘኑ ተባልን። ተመዛዘንን። ሁላችንም ለሁላችንም ከአምስት አምስት ሰጠን። ምን እናድርግ? ጠዋት እንዴት አደርሽ ያልኳትን ሴት ከሰዓት በኋላ ሦስት ልሰጣት ነው? ቅጹ ግን በሳምንቱ ተመለሰ። ሰው ሁሉ እኩል ጎበዝ ሊሆን ስለማይችል ከየክፍሉ ቢያንስ አንድ ሠራተኛ ከአማካይ በታች ይሁን የሚል ማስታወሻ ተያይዞበታል።

ተሰበሰብን። ደካማ ይፈለጋል። ማንም ማንንም አያይም። ታፈሰ ጣሪያውን ያያል። ጫላ፣ ከመካከላችን ደካማ ከጠፋ ለምን የቅጥር ማስታወቂያ አናወጣም አለ። በመጨረሻ አስካለ ጉሮሮዋን ጠረገች። አስካለ በሰፈሯ የእቁብ ዳኛ ናት፤ ለእሷ በዚህች አገር በዕጣ የማይፈታ ነገር የለም። አራት ወረቀት ቆረጠች፣ አንዱ ላይ «ደካማ» ብላ ጻፈች፣ አጣጥፋ የታፈሰ ኮፍያ ውስጥ ከተተች። ዘንድሮ የደረሰው ሁሉም እስኪዳረስ ድረስ ዕጣ ውስጥ አይገባም ብላ ሥርዓቱን ደነገገች። ኃላፊያችን ይህን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ ፊርማቸውን ግን አኖሩ።

ቅጹ የድክመት ማስረጃም ይጠይቃል። ስለዚህ ዕጣ የደረሰው ሰው ጥፋቱን ራሱ እንዲናገር፣ ሌሎቹ ደግሞ ለማካካሻ ሽሮ እንዲጋብዙት ተስማማን። የመጀመሪያው ዓመት የታፈሰ ሆነ፤ «ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው ጋር አይግባባም» አስባለ። በሁለተኛው ዓመት ለጫላ ደረሰው። «ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሠራል» ብሎ ቢያስጽፍ ይህ ድክመት አይደለም ተብሎ ተመለሰ፤ «በሥራ ሰዓት ያንጎራጉራል» በሚል ተስተካከለ። ሦስተኛው የአስካለ ነበር። ሳምንት ሙሉ አስባ ጥፋት አጣች። በመጨረሻ «ትዕግሥት ታበዛለች» ብላችሁ ጻፉ አለች። ይህን አስጽፋ እስክትፈርም ድረስ ሦስት ጊዜ ጮኸችብን።

በአራተኛው ዓመት ዕጣ አላስፈለገም። የቀረሁት እኔ ነኝ። አስካለ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው ብላ አንዲት ወረቀት አጣጥፋ ኮፍያው ውስጥ ከተተችና ደህና አድርጋ በጠበጠችው። አወጣሁ። ደካማ ይላል። ጥፋቴንም ነገርኳቸው፦ «አንባቢ ሲጠይቀው በአፉ አይመልስም፤ በአገጩ ያመለክታል።» ሳቁ። እውነት ነበር። ፈረምኩ፣ ሽሮዬን በላሁ።

ሽሮው ሳይረሳኝ ደብዳቤ መጣ። የቆዩ ጋዜጦች እንጦጦ ማርያም አጠገብ ወደ ተከራየ መጋዘን ተዛውረዋልና ዘንድሮ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ሠራተኛ ለአቅም ግንባታ ወደዚያው ይመደባል ይላል። አቅም ለምን ዳገት ላይ እንደሚገነባ አልተገለጸም።

እንጦጦን የሚያውቀው ዓይኔ ሳይሆን ጀርባዬ ነው። አንድ ክረምት ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የግንብ ድንጋይ አመላልሻለሁ። ማደሪያ አልነበረኝም። ዛሬ ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ንጹሕ አየር እንሳብ ብለው ወደዚያ ሲወጡ እሰማለሁ። አየሩን እኔ ጠግቤዋለሁ። ያን ዳገት ዳግመኛ ላልወጣ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ከዚህም በላይ አልናገርም።

ስለዚህ ቅሬታ ጻፍኩ። አንድ መስመር ነበር፦ «ደካማ አይደለሁም፤ ተራዬ ደርሶ ነው።» ኃላፊያችን አነበቡና ሁለተኛውን ሐረግ በእስክሪብቶ ሰረዙት። ይህ ከወጣ አራታችሁም አትተርፉም፣ ፊርማው ደግሞ የእኔ ነው አሉኝ። ለአራት ዓመት በዕጣ ስንመዘን ኖርን ብሎ ለመንግሥት መናገር ይቻላል? አይቻልም። ቅሬታዬ «ደካማ አይደለሁም» ብቻ ሆኖ ሄደ። እንዲህ ሲባል ደግሞ እንዴት ደካማ እንደሚያስመስል እናንተው አንብባችሁ ፍረዱ።

ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ማክሰኞ መጥቶ በሥራ ላይ እንደሚያየኝ ተነገረን። ሰኞ ከሰዓት ሦስቱ ባልደረቦቼ መጠረዣ ክፍል ገብተው ዘጉ። ስገባ ታፈሰ ሙጫውን ማማሰል ጀመረ፤ ሙጫው ደርቋል። ጫላ «ጋሼ፣ እርስዎ እንደ ሁልጊዜዎ ይሁኑ፤ ሌላውን ለእኛ ይተዉት» አለኝ። ሌላው ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። አለመጠየቅ የቆየ ልማዴ ነው።

ማክሰኞ መጡ። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረጉ፣ ፈገግታ የማያባክኑ ሴት ናቸው። የንባብ ክፍሉን በሙሉ ለአንድ ሰዓት አቶ ደምሴ ይምሩ፣ እኛ የቆየ የገብስ ዘር ጥናት እንፈልጋለን አሉ። ደምሴ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ወደ ጫላ ሄዱ። ያ ኮምፒውተር ፈትቶ የሚገጥም ልጅ ቁልፎቹን እያየ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ጣቱን አነሣና፣ ይቅርታ እትዬ፣ ይሄ በየት በኩል ነው የሚበራው አለ። ሰብሳቢዋ አንድ ነገር ጻፉ። ወደ አስካለ ዞሩ። አስካለ እጇን አጣምራ፣ ግብርና ሁለተኛ ፎቅ ነው አለቻቸው። ቤታችን ፎቅ የለውም። አንደኛው የኮሚቴ አባል ግን ደረጃ ፍለጋ ወጥተው ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩ።

የገባኝ ታፈሰን ሳይ ነው። ታፈሰ መጽሐፍ ገልብጦ እየጠረዘ ነበር። ሽፋኑ ወደ ታች፣ ጀርባው ወደ ፊት። ቀረብ ብዬ ሳየው ግንባሩ በላብ ርሷል። እውነተኛ መጽሐፍ ማበላሸት አልሆንልህ ብሎት ከቤቱ አሮጌ የስልክ ቁጥር ማውጫ ይዞ መጥቷል። ለእሱም ቢሆን ከልቡ እያዘነ ነው የሚሰፋው።

እንግዲህ አሳባቸው ይህ ነበር። እነሱ ሲጨልሙ እኔ እንዳበራ። አንድ ቃል ብናገር እነሱ ከውርደት ይድናሉ፣ እኔ ወደ ዳገቴ። እዚያች ቦታ ላይ ቆሜ አፌን ለመክፈት አሰብኩ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ኩንታል ተሸክሜ ያልተንቀጠቀጠው። ከዚያ ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ሌላው ሰው እንደሚከፍልበት አይነግሩህም።

በአገጬ ለጫላ ማብሪያውን አመለከትኩት። በአገጬ አስካለን ወደ መዝገቧ መለስኳት። የታፈሰን እጅ ይዤ መርፌውን አስቀመጥኩለት፤ እፎይ አለ። ጥናቱን ከመደርደሪያው አወጣሁና ለሰብሳቢዋ ሰጠሁ። አጠገቡ ያሉትን ሌሎች ሁለት ጥናቶችም ጨመርኩላቸው። አመስግነው ሄዱ። ደረጃ የሚፈልጉትን ሰውዬም ከግቢው ጠርተው ወሰዷቸው።

ውሳኔው በአሥር ቀኑ ደረሰ። ኃላፊያችን ቆመው አነበቡልን። አቶ ደምሴ ኮምፒውተር ማብራት ከማይችል፣ መጽሐፍ ገልብጦ ከሚጠርዝና የሌለ ፎቅ ከምትጠቁም ሠራተኛ ጋር ሆነው ክፍሉን አንድ ቃል ሳይተነፍሱ መርተዋል ይላል። በአገጭ ማመልከት ቀደም ሲል እንደ ድክመት የተያዘው በስሕተት መሆኑን ጠቅሶ «በአነስተኛ ምልክት ቡድንን የማንቀሳቀስ ክህሎት» ብሎታል። ከአምስት አምስት። አስካለ ክንዴን በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። ታፈሰ እንኳ ጥርሱ ታየ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይኼ አይደል?

ኃላፊያችን ግን ገና አልጨረሱም፤ ገጹን ገለጡ። የሦስቱ ባልደረቦች ሁኔታ እጅግ አሳሳቢ ስለሆነ ሦስቱም ለአቅም ግንባታ ወደ እንጦጦ መጋዘን እንዲዛወሩ። እንዲህ ያለውን ቡድን ሊመራ የሚችል ሌላ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ባለመገኘቱ አቶ ደምሴ በደረጃ እድገት የመጋዘኑ ኃላፊ ሆነው አብረው እንዲወጡ።

ድሩ አንበሳውን አሰረ፤ ቋጠሮው ውስጥ ግን እኛም ነበርን።

ላስረዳ ብዬ ወደ ኃላፊው ቢሮ አመራሁ። አስካለ በሩ ላይ ያዘችኝ። «ይህን ሁሉ ዘመን ዘግተህ፣ አሁን ነው አፍህን የምትከፍተው? በል ካርቶን አምጣ» አለችኝ። አመጣሁ። ካርቶን መሸከም አልረሳሁም።

አሁን ይህን የምጽፍላችሁ ከእንጦጦ ነው። ጠዋት ከኮተቤ መገናኛ፣ ከመገናኛ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ሽቅብ። ብርዱ እንደ ጥንቱ ነው፤ ልዩነቱ አሁን ለአራት እንካፈለዋለን። ታፈሰ የተበጣጠሱትን ጋዜጦች አንድ በአንድ እያከመ ነው። ጫላ መስኮቱ ሥር ቆሞ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ኔትወርክ ይመጣል፤ ማንጎራጎሩንም የሚከለክለው የለም። ኃላፊያችን ከኮተቤ በቀን ሰባት ጊዜ እየደወሉ መጽሐፍ የት እንዳለ ይጠይቃሉ፤ አስካለ ደስ ሲላት ትነግራቸዋለች።

በዓመቱ መዛኞቹ ሊያዩን ተነሡ። መኪናቸው ሽቅቡን አጋምሳ ጢስ በጢስ ሆነችና ተመለሱ። ስለዚህ የሦስቱን ቅጽ መሪያቸው፣ ማለትም እኔ፣ እንድሞላ ታዘዝኩ። አቅሙ ተገንብቷል የተባለ ወደ ኮተቤ ይወርዳል። ኃላፊው ግን ባለበት ይቆያል።

ቅጹን ይዤ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። እውነቱ ከአምስት አምስት ነው፤ ለሦስቱም። እውነቱን ከጻፍኩ ይወርዳሉ። ጥሩ መሪ የበታቾቹን እድገት ያስቀድማል ይላል መስፈርት አሥራ ሰባት። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ለሦስቱም ከላይ እስከ ታች ሁለት ሁለት እየሰጠሁ ወረድኩ፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ግፍ ጽፌ አላውቅም። እጄ ሲደክመው አስካለ ላይ አንድ ቦታ ሦስት አመለጠኝ።

ይፈርሙ ዘንድ ሰጠኋቸውና ወቀሳዬን ልቀበል ቆምኩ። ታፈሰ አነበበ፣ እስክሪብቶውን በጨርቅ ጠረገ፣ ፈረመ። ጫላም ፈረመ፤ «ጋሼ፣ ፍትሐዊ ነው» አለኝ። አስካለ መነጽሯን አጥልቃ ሠላሳውንም መስፈርት በጣቷ እየተከተለች አነበበች። መጨረሻ ላይ ቅጹን መልሳ ዘረጋችልኝ።

«ግጭትን መፍታት ላይ ሦስት ሰጥተኸኛል» አለችኝ። አቀረቀርኩ። «ሁለት አድርገው እባክህ። ሦስት ካዩ ተስፋ አላት ብለው ያወርዱኛል።»