ሙክቱና ጀሪካኑ

መኪና ነዳጅ ሲያልቅባት ጥግ ይዛ ትቆማለች። አውሮፕላንስ? ሰማይ ጥግ የለውም። ይህን ትናንት የነዳጅ ሰልፍ ላይ ለጎረቤቴ ብነግረው ሳቀብኝ። ይሳቅ። እሱ ነዳጅ አልቆበት ቀየት ላይ አልወደቀም።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ምን ዓይነት ጊዜ ነበር መሰላችሁ! ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኔ ግን ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ልቤ ያለው ሰማይ ላይ ነው።

ጥር ላይ ፊታውራሪ ታከለ የሚባሉ፣ አዲስ አበባ የከበሩ የአገሩ ተወላጅ፣ በግል አውሮፕላናቸው ዘመድ ሊጠይቁ መጡ። አብራሪ መሆን እንደምመኝ ሲሰሙ አዲስ አበባ ይዘውኝ ሊሄዱ፣ ለበረራ ትምህርት ቤቱም የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ቃል ገቡ። ካልሲዬን ሳይቀር አጥቤ ተዘጋጀሁ።

በመሄጃችን ቀን አክስታቸው እማማ ዘነበች ሙክት እየጎተቱ መጡ። የመንዝ ሙክት ነው፤ ላቱ ብቻውን አንድ ተሳፋሪ ያህላል። «ልጄ ባዶ እጁን ከአገሩ አይወጣም!» አሉ። አብራሪው ካፒቴን፣ ቦታው ከፍታ ነው፣ ጭነት ከበዛ አውሮፕላኗ አትነሳም አለ። አንድ ነገር መውረድ አለበት። ያለነው እኔ፣ ሙክቱና ለመመለሻ የመጣው የቤንዚን ጀሪካን ነን። ፊታውራሪ ሦስታችንንም በየተራ አዩን። እኔ ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ «ጀሪካኑን አውርደው» አሉኝ።

አወረድኩ። ግን ከአውድማው የሚነሳው ገለባ ወደ እኛ ይመጣል። ነፋሱ ከአዲስ አበባ በኩል ነው፣ ፊት ለፊት ይገፋናል፣ ነዳጁ አይበቃም ብላቸው ሳቁ።

«መምህር፣ ነፋሱን እህል ለሚያዘራው ተውለት።»

ካፒቴኑ ቀስ ብሎ «ደግመህ ንገራቸው» አለኝ። አልደገምኩም። ደብዳቤዋ ገና አልተጻፈችማ!

ጀማ ሸለቆ ላይ ነፋሱ ያዘን። የቆምን እስኪመስል ድረስ። የነዳጅ መለኪያው ቀስት ሲወርድ ካፒቴኑ ወደ መንዝ መለሳት፤ ቀየት የሚባለው አገር ላይ ስንደርስ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ። ፊታውራሪ ስእለት ይሳላሉ፤ ሙክቱ ያመሰኳል። ካፒቴኑ የታጨደ ገብስ ማሳ ላይ አሳረፋት። አንድ እግሯ ተሰበረ፤ እኛ ተረፍን። በሩ ሲከፈት ሙክቱ ቀድሞን ወርዶ ቃርሚያውን ተያያዘው። ባለማሳው ሽማግሌ አውሮፕላኗን ዞረው አዩና፣ «ይህ ሁሉ ጩኸት በግ ለማምጣት ነው? በግ እኮ እኛም ጋ አለ!» አሉ።

እሳቸው ቤት ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን የአደጋው መርማሪዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ፊታውራሪ «ጀሪካኑን ያወረደው መምህሩ ነው» አሉ። ውሸት አይደለም። ማን እንዳዘዘኝ ግን አልተናገሩም። ካፒቴኑ ጫማውን ያያል።

«ሙክቱ ይመዘን!» ብዬ ጮህኩ። «ጀሪካኑ ለማን ሲባል እንደወረደ ያን ጊዜ ይታያል!»

መርማሪዎቹ ተስማሙ። ሚዛኑ ከገበያ እስኪመጣ ምሳ ይቅረብ ተባለ። ለካ ሽማግሌው ሙክቱን ጠዋቱን አርደውታል። ከአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶ በግ ሳይታረድ እንዴት ይሆናል?

መዝገቡ ላይ ጀሪካን አውራጅ ሆኜ ቀረሁ። ደብዳቤዋም ሳትጻፍ ቀረች። ዛሬም የሞተር ድምፅ ስሰማ ቀና እላለሁ። ፊታውራሪን ይቅር አላልኩም። ካፒቴኑንም።

ምስክሬን ግን፣ ምን እዋሻለሁ፣ እኔም በልቼዋለሁ። የደረሰኝ ጎድኑ ነበር። እንዲያ ያለ ሥጋ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም።