ሰባት እናቶች፣ አንድ የግራ ጉልበት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሰሚት ላይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንም ቅር አይለኝም ነበር። ቁጭ በሉና ስሙኝ!

እንደምታውቁት ፐርሰናል ትሬነር ነኝ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ስፖርት ነው የማሠራው። ጠዋት ሳሊተ ምሕረት፣ ከሰዓት ሰሚት፣ በመሃል ሚኒባስ ውስጥ ምንጣፌን ታቅፌ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ደግሞ «ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ» ፕሮግራም በቴሌግራም እልካለሁ።

«ለእርስዎ ብቻ» የምትለዋን ያዙልኝ።

የመጀመሪያውን ፕሮግራም የጻፍኩት ለአንድ ኢንጂነር ነበር። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። የምር ቆንጆ ፕሮግራም! ሰውዬው እሁድ እሁድ ኳስ ይጫወታል፤ የግራ ጉልበቱ ደግሞ ተጎድቷል።

ከዚያ በኋላ ደንበኛው እንደ ቦሌ ፎቅ በየቀኑ ይበቅል ጀመር። ማን ቁጭ ብሎ ይጽፋል? የኢንጂነሩን ገልብጬ ስሙን እቀይራለሁ፣ አንተታውን አንቱታ አደርጋለሁ፣ ሴንድ!

አትፍረዱብኝ። እሺ፣ ፍረዱብኝ።

አሁን ወደ ጉዱ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አዲስ ሕንፃ ላይ ጂም የሚከፍቱ ወይዘሮ ሶስና የሚባሉ ሴት አሉ፤ ለጂሙ ዋና አሰልጣኝ ይፈልጋሉ። ሥራውን እንዴት እንደቋመጥኩለት! የሚኒባስ ግፊያ ቀረ ማለት እኮ ነው።

ደግነቱ ወይዘሮ ሶስና የእትዬ ጥሩወርቅ ማህበርተኛ ናቸው። እትዬ ጥሩወርቅ የሰሚቷ ደንበኛዬ ናቸው፤ ከማህበሩ ሴቶች ስድስቱን ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው። ዛሬ የማህበሩ ተራ እሳቸው ቤት ስለነበር «ነይ፣ እዚያው ሶስና ፊት አመሰግንሻለሁ፣ ሥራው ያንቺ ነው» አሉኝ።

ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። እትዬ ጥሩወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቺ ልጅ እኮ ሐኪም ያላየውን ታያለች! የግራ ጉልበቴ እንደታመመ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።»

«እንዴ፣ የእኔም የግራ ነው» አሉ አጠገባቸው ያሉት እትዬ በላይነሽ።

«የእኔም!» የሚል ድምፅ ከወዲያ ማዶ።

ስልኮች ወጡ። መነጽሮች ወጡ።

ሰባት ደንበኛ፣ ሰባት የግራ ጉልበት!

እኔ ሞኟ «ሳይንሱ እንደሚለው፣ ሴት ልጅ ከተወሰነ ዕድሜ በኋላ በግራ በኩል...» ብዬ ጀመርኩ። ከማህበርተኞቹ አንዷ ጡረታ የወጡ ነርስ መሆናቸውን ማን ነገረኝ? እጃቸውን አጣጥፈው «እሺ፣ ቀጥይ» አሉኝ።

ጠላዬን አንስቼ ተጎነጨሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ጮክ ብለው አነበቡ፦ «እሁድ ከኳስ ጨዋታ በኋላ የግራ ጉልበትዎ ላይ ሃያ ደቂቃ በረዶ ያድርጉ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ ኳስ ባልጫወትም፣ ትእዛዝ ነው ብዬ ከቅዳሴ መልስ በረዶውን ሳደርግ ነው የከረምኩት።»

እትዬ በላይነሽ ደግሞ ባሱ። «እኔማ ካልተጫወትኩ በረዶው አይሠራም ብዬ፣ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ከልጅ ልጆቼ ጋር እጫወታለሁ። በረኛ ነኝ።»

በረኛ!! ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው!!

(በነገራችን ላይ ከሰባቱ ኪሎ የቀነሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ምስጋናው ለልጅ ልጆቻቸው ይድረስ።)

ሳቁ ቤቱን አናጋው። እኔም አብሬ ልስቅ ስል ወይዘሮ ሶስና ሳይስቁ ጠየቁኝ።

«እሺ ልጄ፣ ጥሩወርቅን የት ነው የሚያማት?»

ቀላል ጥያቄ አይደል? አምስት ወር ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ያሠራኋቸው ሴት ናቸው እኮ!

አላውቅም ነበር።

«ወገባቸውን?» አልኩ፣ ሎተሪ እንደሚፍቅ ሰው።

እትዬ ጥሩወርቅ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው «የቀኝ ትከሻዬን ነው ልጄ። ሦስቴ ነግሬሻለሁ። አንቺ ስልክሽን ስትነካኪ ነበር» አሉኝ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ አፈርኩ። እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ ስሜን በበጎ ሊያነሱ ጠርተውኝ በገዛ ቤታቸው፣ በማህበርተኞቻቸው ፊት አሳፈርኳቸው።

ወይዘሮ ሶስና ነጠላቸውን አስተካክለው «ለጂሙ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አሉ። በቃ። ሥራው ጠላዬን እንኳ ሳልጨርስ ሄደ።

ስወጣ እትዬ ጥሩወርቅ በር ድረስ ሸኙኝ። ዳቦ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝና «ረቡዕ እንዳትቀሪ። ደብተር ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ከሁሉም የገደለችኝ ይቺ ናት።

እና አሁን ምን እያደረግኩ ነው? ለሃያ ሦስቱም ደንበኞቼ በየተራ እየደወልኩ «የት ነው የሚያምዎት?» እያልኩ ነው! ፕሮግራሙን ከዜሮ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ልጽፍ።

ከእትዬ በላይነሽ ጀመርኩ። አርባ ደቂቃ አወሩኝ። እኔም ቃል ሳልዘል ጻፍኩ። ከራስ ምታታቸው ተነስተን አንገታቸው ላይ ስንደርስ ካርዴ አለቀ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፦ እግር ጋ እስክንደርስ ስንት ካርድ ይበቃኛል?