ድልድዩ እየታሰበበት ነው

ክብር ለማይጨርሱ ይሁን! መጨረስማ ማንም ይጨርሳል። አናጢ ይጨርሳል፣ ዓሣ አጥማጅ ይጨርሳል፣ ሕፃን እንኳ ሾርባውን ይጨርሳል። ሥራን ሳይጀምሩ፣ ሳይተዉ፣ ሳይጨርሱም በሂደት ላይ ማቆየት ግን ጥበብ ነው። ይህ ጥበብ በጃፓን ምድር የመጨረሻውን ማዕረግ ያገኘው በእኛ ከተማ ጽሕፈት ቤት ነው። ይህን የምለው የዚያው ቤት የመንገድና ድልድይ ክፍል ጸሐፊ ስለሆንኩ አይደለም። መሆኑንስ ነኝ።

ቋንቋችንም ይመስገን። በጃፓንኛ ከግሱ ኋላ አንዲት ትንሽ ጭራ ትቀጠላለች፤ እሷ ከተቀጠለች ነገሩ በመሆን ላይ ነው ማለት ነው። ገበሬው «ዝናቡ እየዘነበ ነው» ይልባታል፤ እናት «ሩዙ እየበሰለ ነው» ትልባታለች። ምስኪኖች! ዕቃውን ይዘው ጥቅሙን አላወቁትም። የክፍላችን ኃላፊ ክቡር ካትሱሂኮ ሺሞጆ ግን ጭራዋን «ማሰብ» በሚለው ግስ ላይ ቀጠሏትና «እየታሰበበት ነው» ተወለደች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከቢሯችን ባዶ እጁን የተመለሰ ባለጉዳይ የለም፤ ሁሉም ይህችኑ ይዞ ይወጣል።

ታዲያ አንድ ዓመት አውሎ ነፋስ መጣና ከቶፉ ቤቱ በታች የነበረችውን የእንጨት ድልድይ ጠራርጎ ወሰዳት። አውሎ ነፋስ የአሠራር ሥርዓት አያውቅም፤ ጀመረ፣ ጨረሰ፣ ሄደ።

ከአኩሪ አተር የሚረጋ አይብ መሰል ምግብ የሚሸጥበት ይህ ቶፉ ቤት የእማማ ሃትሱኤ ነው። ባለቤታቸው ጌንሶ ከወንዙ ማዶ በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ናቸው፤ እግራቸው ከድቷቸዋል። እማማ ሃትሱኤ ማለዳ ማለዳ ገና የሚያጤስ ቶፉ በሳህን ይዘው፣ ድልድዩን ተሻግረው በእጃቸው ያጎርሷቸው ነበር። ሽማግሌው ግትር ናቸው፤ የሌላ ሰው እጅ አይቀምሱም። ድልድዩ ከሄደ ወዲህ ግን በላይኛው የመኪና መንገድ መዞር ግድ ሆነ። አውቶቡሱ የሚመጣው ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው፤ ሲደርሱ ቶፉው ቀዝቅዟል፣ ጌንሶም እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ስለዚህ ማለዳ ማለዳ ማዶ ለማዶ ይተያያሉ። እማማ እንደ ልማዳቸው የቶፉውን ሳህን ይዘው ከዚህ ዳር እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ጌንሶ ከመስኮታቸው ያውለበልባሉ።

እማማ ሃትሱኤ ቢሯችን ድረስ መጡ። ኃላፊያችንን በልጅነታቸው ንፍጣቸውን ጠርገው ስላሳደጓቸው «አንተ» ነው የሚሏቸው።

«ካትሱሂኮ፣ ድልድዬን መልስልኝ።»

«እየታሰበበት ነው፣ እማማ» አሉ ኃላፊያችን፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ እጅ ነሥተው።

«ማን ነው የሚያስበው?»

«የሚመለከተው ክፍል ነዋ።»

«የሚመለከተው ክፍል አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እሱም እየተጣራ ነው።»

«እኮ እስከ መቼ?»

«ለጥቂት ጊዜ ነው፣ እማማ።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ቋንቋችን ጊዜ የሚለካበት ቃል ሞልቶታል። ለሰዓት አለው፣ ለወር አለው፣ ለዘመን አለው። ኃላፊያችን ከዚያ ሁሉ መሐል «ለጥቂት ጊዜ»ን የመረጡት ቢስቧት ቢስቧት ስለማትበጠስ ነው። አርቆ አስተዋይነት ይሏል ይህ ነው!

ደግሞስ እጃችንን አጣጥፈን መቼ ተቀመጥን? እንደ ደንቡ የይቅርታውን ሰሌዳ ወንዙ ዳር አቆምን። ቆብ ያጠለቀ የግንባታ ሠራተኛ ሥዕል ጎንበስ ብሎ «ሥራ ላይ ነን፤ ስለምናደርስብዎ እንግልት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚልበትን ነው። ሥራ እንኳ አልነበረም። ይቅርታው ግን ጊዜውን ጠብቆ ደርሷል። ፀሐይ የሰውዬውን ፊት ባደበዘዘችው ቁጥር እኔ ራሴ በብሩሽ አድሼዋለሁ፤ ጉንጩን ቀላ አድርጌለታለሁ። በዚህ ረገድ ማንም አይወቅሰንም።

የሰፈሩ አናጢ ግን ክፉኛ ቸኮለ። «ኧረ በእናታችሁ! አራት ወፍራም ሳንቃ ባጋድምበት ከምሳ በፊት አሻግራቸዋለሁ» ብሎ መጣ።

ኃላፊያችን በትዕግሥት ገሠጹት። «እየታሰበበት ባለ ነገር ላይ ሳንቃ ማጋደም ሐሳቡን ማደናቀፍ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ኃላፊ፣ እኛ እኮ ገና መቀነቱንም አላነሣን» አለ አናጢው። ባለጌ ነው።

ስለዚህ እማማ ሃትሱኤ ከሰሌዳው አጠገብ መቆሙን ለመዱት። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላቸውን ወደ ሰውዬው ዘንበል ያደርጉለታል። «ምነው እማማ?» ስላቸው፣ «ጎንበስ እንዳለ ነው የሚውለው፤ ወገቡ አያሳዝንህም?» አሉኝ። እኔ የቀባሁት ሰው ስለሆነ ደስ አለኝ።

አንድ ማለዳ ኃላፊያችን ቶፉ ሊገዙ ቢሄዱ የእማማ ሃትሱኤ በር ላይ «በዝግጅት ላይ» የሚለው ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። በዚህ አገር ሱቅ ሲዘጋ «ዝግ ነው» ብሎ ሰው አያስቀይምም፤ «በዝግጅት ላይ» ይላል። ውስጥ ግን እንፋሎቱ ይጨሳል፣ ቶፉው ውኃ ውስጥ ተደርድሯል።

«እማማ፣ አንድ ቶፉ ይስጡኝ።»

«እየተሠራ ነው።»

«ይኸው ተሠርቶ አየዋለሁ እኮ!»

«ለአንተ መሸጡ ነው እየታሰበበት ያለው።»

«እ... እስከ መቼ?»

«ለጥቂት ጊዜ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉና የበሩን መጋረጃ ለቀቁት።

ኃላፊያችን ያን ቀን የታሸገ ቶፉ በሉ። ከሰዓት በኋላ በስብሰባ ላይ «ሕዝቡ አሠራራችንን እየተቀበለው ነው» ብለው አመሰገኑ፤ ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስተኛው ዓመት ገባ። በዚያ ዓመት፣ በረዶ በጣለበት ማለዳ፣ ጌንሶ ሞቱ። ማንንም ሳያስፈቅዱ ሞቱ። እማማ ሃትሱኤ ከዚህ ዳር ቆመው እጃቸውን ቢያውለበልቡ ከመስኮቱ መልስ ጠፋ። እንደገና አውለበለቡ። ከዚያ አንዲት አስታማሚ መስኮቱ ጋ መጥታ አንገቷን ደፋች። እኔ የሰሌዳውን በረዶ ልጠርግ ሄጄ ነበርና አይቻለሁ፤ ሳህኑን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ፣ የቶፉው ጭስም ቀስ እያለ ጠፋ። መጥረጊያዬን አስቀምጬ አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ተራመድኩ። ይህ ግን ከሥራ ድርሻዬ ውጭ ነው።

ኃላፊያችን ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዕጣን ለኩሰው ለቅሶ ደረሱ። «እማማ፣ ሐዘንዎን እየተካፈልን ነው» አሉ።

«ጌንሶ መጠበቁን ጨረሰ፣ ካትሱሂኮ» አሉ እማማ ሃትሱኤ። «በዚህ ከተማ አንድ ነገር የጨረሰ እሱ ብቻ ነው።»

ይህ ንግግር የኃላፊያችንን ልብ ነካ። ቢሮ እንደተመለሱ ወንበር እንኳ ሳይስቡ ማኅተማቸውን አወጡ። ሦስት ዓመት ሲታሰብበት የኖረው ጉዳይ ያንኑ ቀን እልባት አገኘ፦ ማዶ የሚጠይቁት ሰው ስለሌለ የድልድዩ ጥያቄ «ተጠናቋል።» ተጠናቋል! ይህ ቃል ከቢሯችን ሲወጣ ስሰማ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። ከመሐላችን ያጨበጨበም አለ። ሥራ ከሌለ ይቅርታም አያስፈልግምና ሰሌዳው በማግስቱ እንዲነሣ ታዘዘ።

ኃላፊያችንና እኔ ልናነሣው ስንደርስ እማማ ሃትሱኤ ቀድመውናል።

«ወዴት ልትወስዱት ነው?»

«ወደ መጋዘን ነው፣ እማማ። ሥራው ተጠናቋል።»

«ለእኔ ስጠኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ከእናንተ ሁሉ ዝናብ እየመታው አብሮኝ የቆመ እሱ ብቻ ነው።»

ኃላፊያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ እኔ አዩ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ አሉ።

«ጥያቄዎ... እየታሰበበት...»

ቀና ሲሉ ፊት ለፊታቸው ሰሌዳው ተተክሎበት የነበረው ባዶ ጉድጓድ ነበር። እማማ ሃትሱኤ ሰውዬውን ነቅለው፣ በብብታቸው አቅፈው፣ ወደ ቶፉ ቤታቸው እየሄዱ ነበር።