ሊቀ ካርቡሬተርና አራቱ ጠርሙሶች

ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ሞተሩን ያስነሳል። እንደ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ ያስጠጋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ራሱን ይነቀንቃል። «ትንሽ ብቻ ይቀረዋል» ይልና ካቻቢቴውን ያነሣል። ሰፈሩም አብሮት ከእንቅልፉ ይነሣል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የተበላሸ ነገር አያስጨንቀውም፤ እንቅልፍ የሚነሣው ደህና የሚሠራ ነገር ነው። በሩ ሲጥ ሳይል ከተዘጋ ማጠፊያውን ይፈታል። ሰዓቱ ልክ ከሆነ ይከፍተዋል። የእኛው ሊቀ ካርቡሬተር ዕድሉ የጣለው ጄት ስኪ ላይ ነው፤ ያውም መቀመጫ የሌለው፣ ሐይቁ ላይ ቆመው የሚነዱት ዓይነት።

ሲገዛው ባለ ሠላሳ ስምንት ሚሊ ሜትር አንድ ካርቡሬተር ነበረው። በዚያ፣ አንድ ጊዜ በሞላው ቤንዚን ሐይቁ መሃል ያለችውን ደሴት ዞሮ፣ ተመልሶ፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ይደርስ ነበር። ይህ አላስደሰተውም።

«ሞተሩ ታፍኗል» አለኝ። «አንድ አፍንጫው የተደፈነ ሰው ይሮጣል?»

ሁለት ባለ አርባ አስገባለት። እውነት ለመናገር፣ ሮጠ። ቤንዚኑንም እንደ ሠርገኛ ጠጣው፤ ከደሴቲቱ ሲመለስ ዳር ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቀጥ አለ። ሊቀ ካርቡሬተር ግን አልደነገጠም። «ለጥናት ነው» ብሎ፣ የቆመበት ቦታ ላይ በረጅም ገመድ ድንጋይ የታሰረበት ባዶ የዘይት ጠርሙስ ለምልክት አንሳፈፈ።

ከዚያ ወዲህ ካርቡሬተሩ በሰፋ ቁጥር ጠርሙሱ ከቤቱ ይርቃል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ አራተኛው የመልሱ መንገድ ገና ግማሽ ላይ። ዓሣ አጥማጆቹ አድራሻ አድርገዋቸዋል፦ «መረቤን ከሦስተኛው ጠርሙስ ወዲህ ጥያለሁ» ይባባላሉ።

መቅዘፊያ ጀልባ ያለኝ ጎረቤቱ እኔ ስለሆንኩ፣ በገመድ ጎትቼ የማመጣው እኔ ነኝ። ክቡርነታቸው ከኋላዬ ጄት ስኪያቸው ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ያስተምሩኛል።

«ፍጥነቱን ግን አየኸው ወንድሜ?»

«ቤንዚኑስ?»

«ቶሎ ስለምደርስ የሚቃጠልበት ጊዜ ያጥራል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቅዘፍ እንጂ!»

ባለቤቱ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ጠብታ ቆጥራ የምትኖር ሴት ናት። ስለ ሞተር አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም ባይ ነች። ባለፈው ሳምንት ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንተ ሰው፣ እሑድ ደሴቲቱን ዞረህ በራስህ ሞተር ካልገባህ፣ ሰኞ ጄት ስኪህን የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ይገዛዋል። ተነጋግረናል።»

ፀጉር አስተካካዩም መጥቶ ዙሪያውን አይቶ ሄዷል። ሊቀ ካርቡሬተር ሁለት ቀን እህል አልበላም። አሮጌው ካርቡሬተር በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ መኖሩን ስለማውቅ፣ ለአንድ ቀን እንዲመልሰው መከርኩት። የፈታትን ሚስት መልስ ያልኩት ይመስል አፈጠጠብኝ።

«ወደ ኋላማ አይኬድም!»

እሑድ ሲነጋ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ይዤ ወደ ጀልባዬ ወረድኩ። እኔ ካሰርኩበት በተለየ፣ እንደ ቁስል ማሰሪያ ልቅም ባለ ቋጠሮ ታስራ አገኘኋት። ገረመኝ፤ ፈትቼ ቀዘፍኩ። አራተኛው ጠርሙስ ጋ ስደርስ፣ ትንሽ ነጭ ጀሪካን ታስራበት ትንሳፈፋለች። የመድኃኒት ቤት ወረቀት ተለጥፎባት፣ በማውቀው ቁልጭ ያለ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ከመጠቀምዎ በፊት በደንብ ይነቅንቁ።»

የእኔንም ከጎኗ አስሬ ተመለስኩ።

ረፋዱ ላይ ሊቀ ካርቡሬተር ጄት ስኪውን አስነሥቶ ሄደ። ዳር ላይ ባለቤቱ፣ እኔ፣ ፀጉር አስተካካዩም የመጎተቻ ገመድ በትከሻው። ደሴቲቱን ሲዞር ድምፁ ጠፋ፤ ተመልሶ ተሰማ፤ አራተኛው ጠርሙስ ጋ ሲደርስ ጸጥ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ገመዱን ከትከሻው አወረደ። እሷ ሰዓቷን ታያለች።

«ምናልባት ውሃውን ቆም ብሎ እያየ ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል» አለች፤ ሳትዞር።

ሞተሩ እንደገና ጮኸ። ቀጥ ብሎ እንደቆመ መጥቶ አሸዋው ላይ ወጣ።

«ቤንዚኑ በቃኝ! እንዲያውም ተረፈኝ!»

ፀጉር አስተካካዩ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። እሷም «ምሳህ ቀዝቅዟል» ብላ ወደ ቤት ገባች። ሊቀ ካርቡሬተር እስክትርቅ ጠብቆ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ወንድሜ፣ የአንተን ጀሪካን አልነካሁትም። ይኼ ሞተር ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ካልገባበት ይነክሳል፣ ደርቆ ይጣበቃል፤ ልትገድልብኝ ነበር። የእሷ ግን...» ካርቡሬተር እንደሚያዳምጥ ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። «አርባ ቤንዚን ለአንድ ዘይት። ጠብታ አልጎደለችም።»

«ልኩን ማን ነገራት?»

«እንጃ። በእንቅልፌ ሳወራ ሰምታ ይሆናል። ማወቄን እንዳትነግራት አደራ።»

አልነገርኳትም። እሷም ጀልባዬን ወስዳ እንደነበር አላነሣችብኝም፤ እኔም ቋጠሮዋን አላነሣሁባትም።

ሰኞ ጠዋት የቀሰቀሰኝ ያው ካቻቢቴው ነው። አዲሶቹ ባለ አርባ ስምንት ካርቡሬተሮች ሐሙስ ይደርሳሉ። እኔም ለጀሪካኔ አንድ ጠርሙስ የሞተር ዘይት ገዝቻለሁ።